ከባሕር የመጣ ልክ

የ11 ዲግሪ ኬክሮስ መስመር በአዲስ ቅዳምና በእንጅባራ መካከል ያልፋል። አዲስ ቅዳም ከመስመሩ ወደ ሰሜን ፈንጠር፣ እንጅባራ ወደ ደቡብ ጠጋ ብለው ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ገበያ ውሎ ወደ እንጅባራ የሚመለስ ነጋዴ መስመሩን ሳያውቀው ይሻገረዋል፤ ለዓይኑ የሚገባው መንገዱን ግራና ቀኝ ያጠረው የዲከረንስ ደንና የተደረደረው የከሰል ጆንያ ነው። ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ እዚያው እንጅባራ አጠገብ፣ ምልክት ያልቆመበት አንድ ነጥብ አለ፦ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሰሜን፣ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ምሥራቅ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዓባይን ምንጭ ለክቼ አገኘሁት ብሎ የጻፈው ልክ ይህ ነው።

ምንጩ ግን እዚያ የለም። ግሽ ዓባይ የሚገኘው ሰከላ ውስጥ፣ ከዚህ ነጥብ ወደ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው።

ይህን ሰምቶ ፈረንጁ ዘባረቀ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ልኩን ለሁለት ከፍሎ ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለው ስሕተት ከሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር አይዘልም። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያለው አሥር እጥፍ ይሆናል። የለካው ያው ሰው ነው፤ ድንኳኑም ሰሞኑም አንድ ነው። እጁ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም በኩል በሳተ ነበር። ስሕተቱ ወደ አንድ ጎን ብቻ ያጋደለበት ምክንያት በሸራ መርከብ ዘመን የነበረ መርከበኛ ሁሉ እንቅልፍ ያጣበት ጉዳይ ነው። ደጋ ላይ፣ ከባሕር ይህን ያህል ርቆ የተሠራውን ሥራ ለመመዘን በመጀመሪያ ወደ ባሕሩ ሙያ መሄድ ይገባል፤ ለዚያ ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ያንን ሙያ ከማንም አሳምሮ ከያዘው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ከጄምስ ኩክ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ኩክ በ1728 ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ማርተን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ በሰው እርሻ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይል መኮንንነት በአመዛኙ በዘመድና በደጅ ጥናት የሚገኝ ነገር ነው፤ ደህና ቤተሰብ ልጁን ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ለሚያውቀው ካፒቴን ያስረክባል፣ ልጁም በመርከብ ላይ እያደገ ሹመቱን ይጠብቃል። ለኩክ እንዲህ ያለ በር አልነበረውም። በ18 ዓመቱ ዊትቢ በተባለችው ወደብ ጆን ዎከር ለሚባል የመርከብ ባለቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ፤ የዎከር መርከቦች የድንጋይ ከሰል ጭነው በሰሜን ባሕር ዳርቻ ወደ ለንደን የሚወርዱ ነበሩ። ያ ዳርቻ አሸዋው ከቦታ ቦታ የሚሸሽበት፣ ጭጋግና ማዕበል የሚፈራረቁበት ነው። ከሰል ጫኝ መርከበኛ በየጊዜው ከጫፉ እርሳስ የታሰረበትን ገመድ ወደ ውኃው እየጣለ ጥልቀቱን ይለካል፣ እርሳሱ ላይ ተጣብቆ የሚወጣውን አሸዋና ጭቃ አይቶም የት እንዳለ ያውቃል። ኩክ የውኃን ወለል በገመድ መዳበስ የተማረው እዚህ ነው።

በ1755 የአንድ ከሰል ጫኝ መርከብ አዛዥነት ሲቀርብለት ትቶ፣ በ26 ዓመቱ በተራ መርከበኝነት ባሕር ኃይል ገባ። ከደህና ደመወዝና ሥልጣን ወደ ታች መውረድ ነበር። ነገር ግን ሥራ የሚያውቅ ሰው ተደብቆ አይቀርም፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተፈተነና ማስተር ሆነ። ማስተር ማለት የመርከቡን አቅጣጫ፣ ሸራና ካርታ የሚመለከተው ሹም ነው፤ ካፒቴኑ እንኳ በዚህ ጉዳይ ያዳምጠዋል፣ በማዕረግ ግን ከመኮንኖቹ ዝቅ ይላል።

የሕይወቱ መታጠፊያ በ1758 ካናዳ ውስጥ ሉዊስበርግ የተባለው ምሽግ በእንግሊዞች ሲያዝ መጣ። ኩክ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ ሲንሸራሸር ሳሙኤል ሆላንድ የተባለ የጦር ሠራዊት ቀያሽ ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ተክሎ ሲሠራ አየ። ሆላንድ በጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ በማያ ወደ አንድ ምልክት ያነጣጥርና በወረቀቱ ላይ መስመር ያሰምራል፤ ወደ ሌላው ይዞርና እንደገና ያሰምራል። ኩክ ጠጋ ብሎ ሙያውን እንዲያሳየው ጠየቀ። እስከዚያ ድረስ የባሕር ዳርቻ ካርታ በአብዛኛው ከመርከብ ላይ እየታየ፣ በግምት የሚሳል ነበር። ኩክ የየብሱን ቅየሳ ከባሕሩ ገመድ ጋር አጋባቸው።

ጋብቻው የሰመረው ከ1763 እስከ 1767 የኒውፋውንድላንድን ዳርቻ ሲቀይስ ነው። አሠራሩን ማየት ደስ ይላል። በየብስ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ይመርጥና አንዱን መስመር በሰንሰለት አጥብቆ ይለካል። በየኮረብታው አናት ባንዲራ ያስተክላል። ከለካው መስመር ከሁለቱ ጫፎች ወደ ባንዲራዎቹ ማዕዘን ይወስዳል፤ የአንዱ ጎን ርዝመትና ሁለቱ ማዕዘን ከታወቁ የሦስት ማዕዘኑ ሌሎች ጎኖች በስሌት ይወጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ሦስት ማዕዘን መነሻ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ በእጅ የተለካችው መስመር አገሩን ሁሉ ትሸከማለች። ይህ ሲያልቅ ትናንሽ ጀልባዎች ወደ ውኃው ይወርዳሉ፣ ገመዱ ይጣላል፣ እያንዳንዱ ጥልቀት በተቀየሱት ምልክቶች መካከል ቦታውን ይይዛል። እነዚያ ካርታዎች ለመቶ ዓመት ገደማ አገልግለዋል። በሥራው መካከል፣ በ1764፣ የባሩድ ቀንድ እጁ ላይ ፈንድቶ ቀኝ እጁን ክፉኛ ቆራረጠው፤ ጠባሳው ዕድሜ ልኩን ቀረ።

በ1766 እዚያው ኒውፋውንድላንድ ሳለ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ጊዜውን መዝግቦ ወደ ለንደን ላከ፤ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር አሳተመው። ማኅበሩ የቬነስን በፀሐይ ፊት ማለፍ የሚመለከት ጉዞ ሲያዘጋጅ ስሙ የተነሣው በዚህ ጭምር ነው። በ1768 ሌተናንት ሆነ፤ ዕድሜው 39። የደህና ቤተሰብ ልጅ በሃያዎቹ መጀመሪያ የሚያገኘው ማዕረግ ነው።

የተሰጠችው መርከብ ኢንደቨር ዊትቢ የተሠራች ከሰል ጫኝ ነበረች፤ ሆዷ ሰፊ፣ ታችዋ ጠፍጣፋ፣ ፍጥነት የሌላት፣ አሸዋ ላይ ብትቀመጥ የማትገለበጥ። ኩክ ጠባይዋን ያውቀዋል፤ ያደገው በእንዲህ ዓይነቷ ላይ ነው። ከዚያ የወጣው ሥራ ዝነኛ ነው፤ በሰኔ 1769 ታሂቲ ላይ ቬነስን ተመለከተ፣ ከዚያ ኒውዚላንድን ዞሮ በስድስት ወር ውስጥ ካርታዋን ሳለ። ታሂቲ ላይ እሱና የሥነ ፈለክ ባለሙያው ቻርልስ ግሪን ጎን ለጎን ሆነው የቬነስ ጠርዝ የፀሐይን ጠርዝ የነካበትን ቅጽበት ሲመዘግቡ ሰዓታቸው አልገጠመም። ኩክ ሁለቱን ቁጥሮች አስማምቶ ለማሳመር አልሞከረም። በፕላኔቷ ዙሪያ ጭጋግ መሳይ ጥላ እንደነበረ፣ ቅጽበቱን ለመያዝ እንዳስቸገረ ጻፈ፤ የተለያዩትን ቁጥሮች እንደተለያዩ አስረከበ። ኒውዚላንድንም ሲጨርስ የትኛውን ዳርቻ አጥብቆ እንዳየ፣ የትኛውን በሩቁ እንዳለፈና እንደሚጠራጠር ለይቶ ጻፈ። ባላየው ቦታ የዳርቻውን መስመር ክፍት ተወው።

እንዲያም ሆኖ ካርታው ስሕተት አለው። ከየብስ ጋር የተያያዘን ልሳነ ምድር ደሴት አድርጎታል፤ ሌላ ቦታ ያለን ደሴት ደግሞ ከየብስ ጋር አያይዞታል። ከሁሉም የሚያስገርመው፣ ኋላ በሁለተኛው ጉዞው በተደረገ ማጣራት እንደታየው፣ የኒውዚላንድ ሁለት ታላላቅ ደሴቶች ከግማሽ ዲግሪ ባላነሰ ወደ ምሥራቅ ተገፍተው ነበር። ኬክሮሳቸው ደህና ነው፤ ያጋደሉት በኬንትሮስ፣ ማለትም በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ነው። ብሩስ በአገው ምድር ላይ የሳተውም በዚሁ ጎን ነው።

በኖቬምበር 1770 ኢንደቨር ጃቫ አጠገብ በጎኗ ተጋድማ ትጠገናለች፤ በጉዞው ላይ ከባሕር ድንጋይ ጋር ተላትሞ የነበረው ቀፎዋ ሲመረመር አንዳንዱ ሳንቃ ተፍቆ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶት ተገኘ። በዚያው ወር በ4ኛው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1763 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ ጄምስ ብሩስ ግሽ ደረሰ።

ብሩስ መርከበኛ አልነበረም። መሣሪያው ግን ከባሕር ቤት የወጣ ነው። የመጀመሪያ መሣሪያዎቹ በሰሜን አፍሪካ ዳርቻ መርከቡ ሲሰበር ስለጠፉበት፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ማርሴይ ከሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ የናስ ኳድራንት እንዲሰጠው አዘዘ። ኳድራንት የክብ ሩብ ነው። ከማዕዘኑ እስከ ቅስቱ ሦስት ጫማ፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚያንስ ርዝመት አለው። ቅስቱ በ90 ዲግሪ ተከፋፍሏል፤ በላዩ መነጽር ይንሸራተታል፤ ቀጥ ብሎ መቆሙ የሚረጋገጠው ግንበኛ ሁሉ በሚያውቀው በቱምቢ ነው።

ትልቅነቱ ለከንቱ አይደለም። ቅስቱ ላይ አንዷ ዲግሪ 16 ሚሊ ሜትር ታህል ነበር። ዲግሪ ደግሞ 60 ደቂቃ ናት፤ ስለዚህ አንዷ ደቂቃ ከሩብ ሚሊ ሜትር ብዙም አትበልጥም። በመሬት ላይ ግን ይህች ደቂቃ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርቀት ናት። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ያህላል ብንል፣ ዓይን በአንድ የጤፍ ፍሬ ከሳተ የዓባይ ምንጭ ሰባት ኪሎ ሜትር ሸሽቶ ሌላ ቀበሌ ይገባል። መሣሪያው ከዚህ ቢያንስ ኖሮ ክፍፍሉ በዓይን አይነበብም፤ ከዚህ ቢተልቅ ደግሞ በተራራ ላይ የሚሸከመው አይገኝም።

በተራራ ላይ መሸከሙስ ቢሆን እንዴት ያለ ነበር! በ1769 መጨረሻ ከምጽዋ ተነሥተው የታራንታን ገደል ሲወጡ ኳድራንቱን ለመሸከም ስምንት ሰዎች፣ አራት አራት ሆነው የሚፈራረቁ፣ ተመድበው ነበር። ጥቂት እንደወጡ ተሸካሚዎቹ አልቻልንም አሉ። ብሩስና ያሲን የተባለ የጉዞ ጓደኛው ዋናውን ክፍል ራሳቸው አንሥተው፣ ልብሳቸው ተቀዶ፣ እጅና ጉልበታቸው ተላልጦ አወጡት። ናሱ አንድ ቦታ ቢጣመም ማርሴይ ድረስ ተልኮ የሚቃና አልነበረም። ከታራንታ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር እስከ ሰከላ ቀጥ እንዳለ መድረሱ ራሱ ከልኩ እኩል የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ድርሻውም የያሲን፣ ስማቸው ያልተጻፈ ጭነት አንሺዎችና የበቅሎ ነጂዎች ጭምር ነው።

ግሽ ላይ አየሩ ጥሩ ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጋብ ብሎ። ብሩስ ያረፈው ከፍላ ዓባይ ብሎ በሚጠራው የምንጩ አገልጋይ ቤት ነው። በማግስቱ ድንኳኑን ከቤቱ በላይ፣ ገደሉ ጠርዝ ላይ ተከለ። በመጀመሪያ ያደረገው መለካት አልነበረም፤ መሣሪያውን መፈተሽ ነበር። ወደ ራስ ላይ ሲያይም፣ ወደ አድማስ ሲያይም ልክ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ቀትርን ጠበቀ።

ስሌቱን ማንም አንባቢ ሊከተለው ይችላል። ፀሐይ በዚያ ሰሞን ቀትር ላይ ግሽ ሆኖ ለሚያያት ከአድማስ ከ63 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ትላለች። ከ90 ላይ ቢቀነስ ፀሐይ ከራስ ላይ ወደ ደቡብ ያጋደለችው ወደ 27 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰንጠረዡ ደግሞ ፀሐይ በዚያ ዕለት ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 16 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርቀት ላይ እንዳለች ይናገራል። ሁለቱ ሲቀናነሱ 11 ዲግሪ የማትሞላ ቁጥር ትቀራለች፤ እሷ ኬክሮስ ናት። ሰዓት አላስፈለገም፤ ከፀሐይ ከፍታና ከቀኑ ሰንጠረዥ በቀር ምንም አላስፈለገም። በዚያን ዘመን ማንኛውም የባሕር ኃይል መኮንን ቀትር በቀትር መርከቡ ላይ ይሠራው የነበረው ሥራ ይኸው ነው፤ ብሩስ ግን የማይወዛወዝ መሬት ላይ፣ በትልቅ መሣሪያ ሠራው።

በኖቬምበር 5 ያገኘው 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። በማግስቱ ደገመው፤ ሰከንዱ 8 ሆነ። ሌሊት ወደ ከዋክብት ዞረና 33 ጊዜ ለክቶ አማካዩን ወሰደ፤ 10 ሰከንድ። ከዚያም ድንኳኑ ከምንጩ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ ስለተተከለ፣ ርቀቱን ለክቶ 15 ሰከንድ ጨመረበትና 25 ሰከንድ ብሎ ዘጋው። ከእሱ በፊት የነበሩት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ቦታውን 12 ዲግሪ ላይ አድርገውታል ብሎ ይወቅሳቸዋል፤ 12 ዲግሪ ማለት እኮ የጣና ሐይቅ መካከል ነው።

እዚህ ላይ ዓይንን ጠበብ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለት ቀትርና 33 የኮከብ ልክ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ገጠሙ ይለናል። ሦስት ሰከንድ መሬት ላይ 90 ሜትር ያህል ናት፤ በኳድራንቱ ቅስት ላይ ደግሞ አንዷ ሰከንድ የሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ እንኳ አትሞላም። ይህን የሚያነብ ዓይን የለም። ደጋግሞ ለክቶ አማካይ መውሰድ ስሕተትን ያጠባል፤ ሆኖም መሣሪያው ራሱ በአንድ በኩል ጥቂት ካጋደለ ሁሉም ልኮች አብረው ያጋድላሉ፣ እርስ በርሳቸው እየተስማሙ አብረው ይስታሉ። የብሩስ ደቂቃዎች የእጅ ሥራ ናቸው፤ ሰከንዶቹ ጌጥ ናቸው። ኩክ ታሂቲ ላይ ያልገጠሙትን ቁጥሮች እንዳልገጠሙ ማስረከቡ የሚከብረው እንዲህ ያለ ነገር ጎን ሲቀመጥ ነው። የሆነ ሆኖ ድንኳኑ ከምንጩ የራቀበትን ጥቂት መቶ ሜትር ለመለካት የወረደ ሰው ሥራውን ያከብር ነበር፤ ያንን ማንም አይክደውም።

ኬንትሮሱ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ምድር በ24 ሰዓት አንዴ ትዞራለች፤ ስለዚህ የሁለት ቦታዎች የሰዓት ልዩነት ከታወቀ በምሥራቅና በምዕራብ ያላቸው ርቀት ይታወቃል። ችግሩ ግሽ ላይ ቀትር ሲሆን ለንደን አጠገብ ግሪኒች ላይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማን ይናገራል? የዛሬ ሰው ስልኩን ያያል። ያን ጊዜ ግን በመርከብ ወይም በበቅሎ ወራት ተጉዞ ሰዓቱን ያልሳተ የእጅ ሥራ ብርቅ ነበር። የእንግሊዙ አናጺ ጆን ሃሪሰን እንዲህ ያለውን ሰዓት የሠራው ገና በ1759 ነው፤ ቅጂው ኩክ እጅ የገባው በሁለተኛው ጉዞ፣ በ1772 ነው።

ሰዓት የሌለው ሰው ሰማይ ላይ ሰዓት ይፈልጋል። ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች ወደ ፕላኔቷ ጥላ ገብተው ይጠፋሉ፣ ወጥተው ይታያሉ፤ የመጀመሪያዋ ይህን የምታደርገው በየሁለት ቀኑ ገደማ ነው። ቅጽበቱ ለግሽም ለግሪኒችም አንድ ነው። ሰንጠረዡ በግሪኒች ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሆን ይነግራል፤ ተመልካቹ በራሱ ቦታ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይመዘግባል፤ ልዩነቱ ኬንትሮስ ነው። በሚወዛወዝ መርከብ ላይ ቴሌስኮፕ ጁፒተርን መያዝ ስለማይችል መርከበኞች በዚህ ዘዴ ብዙ አልተጠቀሙም፤ ኩክና ግሪን በባሕር ላይ የሚሠሩት ጨረቃ ከከዋክብት ያላትን ርቀት እየለኩ ነበር። በየብስ ላይ ግን ጁፒተር የታመነች ነበረች።

ለብሩስ ያጋጠመችው አንዲት ምሽት ብቻ ነች፤ ኖቬምበር 7። ጁፒተር ወደ ፀሐይ እየተጠጋች ስለነበር ከዚያ በኋላ እዚያ የሚታይ ሌላ ዕድል አልነበረም። ፕላኔቷ ዝቅ ብላለች፤ ከምዕራብ የግሽ ተራራ ይጋርዳል፤ በዙሪያው ቀርከሃ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። እንጅባራና ባንጃን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ቀርከሃ አስተዋውቁኝ አይልም። ብሩስ ገደሉ ጠርዝ ላይ በቅጠሉና በተራራው መካከል ክፍተት ፈልጎ ቴሌስኮፑን አነጣጠረ። ጨረቃዋ እንደ ፋኖስ ድንገት አትጠፋም፤ ብርሃኗ የሚለወጠው ቀስ እያለ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የትኛዋን ቅጽበት ሆነች ብሎ መጻፍ የተመልካቹ ፍርድ ነው፤ ቴሌስኮፑ አነስ ካለ፣ አየሩ ወፍራም ከሆነ ፍርዱ ይለያል። ሰንጠረዡም በዚያን ዘመን ከስሕተት የጸዳ አልነበረም።

ከዚያች ምሽት የወጣው ኬንትሮስ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከግማሽ ነው። ከእውነተኛው ቦታ በሩብ ዲግሪ ገደማ ያንሳል። ወደ ሰዓት ሲመለስ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ምንጩን ከሰከላ አንሥታ እንጅባራ ደጃፍ ያስቀመጠችው ይህች አንዲት ደቂቃ ናት። ኬክሮሱን 35 ጊዜ መልሶ መላልሶ ለካው፤ ኬንትሮሱን አንድ ጊዜ፣ በቀርከሃ ሥር፣ ፕላኔቷ ልትጠልቅ ስትል። ሁለቱ ቁጥሮች በመጽሐፉ ውስጥ ጎን ለጎን፣ በእኩል ድምፅ ተጽፈዋል። ጥሩ ሠራተኛ የትኛው ልኩ የጸና፣ የትኛው የተንጠለጠለ እንደሆነ ለይቶ ቢናገር ያምር ነበር።

ኩክ እንዲህ ያለውን የኬንትሮስ ስሕተት በራሱ ካርታ ላይ ገለጠ። በሁለተኛው ጉዞ የሃሪሰንን ሰዓት ገልብጦ ላርኩም ኬንዳል የሠራውን ኬ1 የተባለ ሰዓት ይዞ ነበር። መጀመሪያ ብዙም አላመነውም፤ ጉዞው ሲያልቅ ግን የታመነ መሪው እንደሆነ መስክሮለታል። በዚያው ጉዞ በተደረጉ ልኮች ኒውዚላንድን በስንት ደቂቃ እንደገፋት ታወቀ፤ እሱም ሳይሸሽግ ጻፈው። በ1775 ካፒቴን ሆነ። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1779 ሃዋይ ውስጥ በተነሣ ግጭት ተገደለ። ከቀናት በኋላ ከአስከሬኑ የተመለሰው ጥቂቱ ሲሆን፣ የእሱ መሆኑ የታወቀው በ1764 ባሩድ ጠባሳ በተወበት ቀኝ እጁ ነው። ከእርሻ ሠራተኛ ቤት ወጥቶ፣ ያለ ደጅ ጥናት፣ በሥራው ብቻ እዚያ የደረሰ መኮንን መታወቂያው የሠራበት እጅ ሆነ።

ብሩስ ከሰው ጋር ባለው ሒሳብ ግን እንደ ቀትሩ ልክ አልጸዳም። ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ፣ በ1618፣ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ግሽን አይቶ ነበር፤ ብሩስ ይህን አልቀበልም አለ። ሠዓሊና ረዳቱ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ አብሮት ግሽ ድረስ መሄዱን የራሱ የባሉጋኒ ማስታወሻ ይመሰክራል፤ ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚያ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈው። ቦታን እንዲያ አጥብቆ የለካ ሰው ለጓደኛው የሚገባውን ቦታ ነሣው። ሥራን ማድነቅ ይህን እያወቁ ነው።

ከብሩስ በኋላ አካባቢው ሌሎች ቀያሾችንም አይቷል። ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን፣ ከአዲስ ቅዳም ብዙም ከማይርቀው መኖሪያው እየተነሣ በእግርና በበቅሎ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ፣ በካርታ ላይ ባዶ የነበረውን የወንዙን መንገድ ሞላ። ሥራውን በ1936 በመጽሐፍ አወጣው። ቺዝማን ወደ ሰከላ ሲሄድ ግሽን ያጣ ሰው አልነበረም፤ ቦታውን የአገሩ ሰው፣ ጸበል የሚቀዳው፣ ማር ወደ ጎንደር ይጭን የነበረው አገው ምንጊዜም ያውቀዋል። መሣሪያው የጨመረው ነገር ሌላ ነው፤ ሰከላን ረግጦ የማያውቅ ሰው ወረቀት ላይ ሆኖ እንዲያገኛት አስቻለ።

የብሩስ መሣሪያ በመጨረሻ የገጠመውን ማንሣት ተገቢ ነው። በ1772 ማብቂያ ወደ ግብፅ ሲመለስ በኑብያ በረሃ ግመሎቹ አለቁ። ኳድራንቱን፣ ቴሌስኮፖቹንና የመዝገብ ወረቀቱን አሸዋ ላይ ጥሎ፣ እግሩ ቆስሎና አብጦ አስዋን ገባ። ነፍሱን ስላተረፈ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ጥቂት አረፈና ግመል ይዞ ወደዚያው በረሃ ተመለሰ፣ ዕቃውን ተጥሎ እንደነበረ አገኘው፣ ጭኖ አመጣው። ያ ጭነት እዚያ ቢቀር ኖሮ የግሽ ልክ ብሩስ በትዝታ የሚያወራው ወሬ ሆኖ በቀረ፤ ቁጥሮቹን ማንም ሊፈትሻቸው፣ ሊያርማቸው፣ 30 ኪሎ ሜትሩንም ቆጥሮ ሊያሳይ አይችልም ነበር። ብሩስን ከኩክ ጎን የሚያስቆመው ይህ ነው፤ ሁለቱም ስሕተታቸው ከነማስረጃው በእጃችን እንዲገባ አድርገው ሠርተዋል።